አሮጌዋን የመርሴዲስ ዋገን ለበጎ አድራጎት ልንሰጥ ነው፤ የምታውቁ ምከሩን

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁም። መኪና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጥታችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ልምዳችሁን ንገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2012 መርሴዲስ ኢ350 ዋገን አለችን፤ ባለ 4ማቲኳ (በአራቱም ጎማ የምትነዳው)፣ ሰባት ሰው የምትይዘው። ሦስት ዓመት ከተነዳች በኋላ ነው የገዛናት። ልጆቻችን ያደጉት እሷ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። የምታውቋት ከሆነ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ጋ፣ ፊቷን ወደ ኋላ ያዞረች ታጣፊ ወንበር አለቻት። ሁለቱ ትንንሾቹ እዚያ ተቀምጠው ከኋላችን ለሚመጣው መኪና ሁሉ እጃቸውን እያውለበለቡ ነበር እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው። ባለፈው ሳምንት ላጽዳት ብዬ ያቺን ወንበር ሳነሳ ሥሯ ዳቦ ቆሎ አገኘሁ። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ያንን ዳቦ ቆሎ ያፈሰሰችው ልጅ አሁን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነች።

መኪናዋ 148 ሺህ ማይል ሄዳለች። ሞተሯ ደህና ነው፣ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ግን ቆማ ስታድር ኋላዋ ይወርዳል። ጠዋት ስወጣ እንደተንበረከከች ግመል ሆና አገኛታለሁ፤ አስነስቻት ትንሽ ስንቆይ ቀስ እያለች ከፍ ትላለች። የሞተር መብራትም ከበራ ሰነበተ። ጋራዥ የጠየቁኝ ዋጋ አልተዋጠልኝም። ሌላ ትንሽ መኪና ስላለን ደግሞ የግድ አታስፈልገንም።

ባለቤቴ «ከገዢ ጋር ከምንጨቃጨቅ ለተቸገረ ሰው ትድረስ፣ በረከት ይሆንልናል» አለች። እኔም ሐሳቡን ወደድኩት። ሬዲዮ ላይ ሁልጊዜ «መኪናዎን ይስጡን፣ መጥተን በነፃ እንወስዳለን፣ ከታክስ ይቀነስልዎታል» የሚሉ አሉ አይደል፤ አንዱ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ነገር መዝግባ «ነገ ጎታች እንላክ?» አለችኝ። መኪናዋ የት ነው የምትሄደው፣ ማን ነው የሚነዳት ብዬ ስጠይቃት ግን ጥርት ያለ መልስ የላትም። እዚያ ላይ ልቤ አመነታና «ደውዬ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

እና አሁን የምጠይቃችሁ፣ መኪናዋ በእውነት ለተቸገረ ሰው ትደርሳለች ወይ? ከታክስ የሚቀነሰውስ የመኪናዋ ሙሉ ዋጋ ነው? ደብራችን ብንሰጥስ? ሳስረክብ መጠንቀቅ ያለብኝ ነገርም ካለ ንገሩኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ታክስ ሠሪዋ፦

ወንድሜ፣ ቆም ብለህ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ሥራዬ ታክስ መሥራት ነው፤ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ይኼን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ችግሩ ግን አብዛኛው ሰው የሚመጣው መኪናውን ከሰጠ በኋላ ነው።

ዋናውን ልንገርህ። አብዛኞቹ ድርጅቶች መኪናህን ለማንም አይሰጡም። ጨረታ ወስደው ይሸጡታል፣ ገንዘቡን ይወስዳሉ። ይኼ በራሱ ነውር የለውም፤ ገንዘቡ ለሥራቸው ነው የሚውለው። ግን ብዙዎቹ ራሳቸው አይደሉም የሚሸጡት። መሀል ላይ መኪና የመሰብሰብ ሥራ የሚሠራ የንግድ ድርጅት አለ፤ እሱ ስልኩን ያነሳል፣ ይጎትታል፣ ይሸጣል፣ ድርሻውን ይቆርጣል፣ የተረፈውን ለበጎ አድራጎቱ ይሰጣል። ያነጋገረችህ ልጅ መልስ ያጣችው ምናልባት የዚያ ድርጅት ሠራተኛ ስለሆነች ይሆናል።

ታክሱን በተመለከተ «ሙሉ ዋጋው ይቀነስልሃል» የሚልህን አትመን። ድሮ እንደዚያ ነበር። ሰው ከመጽሐፍ ላይ የመኪናውን ዋጋ አይቶ ያንን ይጽፍ ነበር። በ2003 የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት 54 መኪኖችን መርጦ ተከታተለና ከሦስቱ ሁለቱ ላይ ለበጎ አድራጎቱ የደረሰው ሰጪው ለታክስ ከጻፈው ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ አገኘው። በዓመቱ ሕጉ ተቀየረ፣ ከ2005 ጀምሮም ይሠራል። አሁን ድርጅቱ መኪናህን እንዳለ ከሸጠው አንተ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢህ ላይ መቀነስ የምትችለው የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ነው። ከ500 ዶላር በላይ ለመቀነስ ድርጅቱ ፎርም 1098-ሲ የሚባለውን የመኪና ስጦታ ማረጋገጫ ሊልክልህ ይገባል፣ በተሸጠ በ30 ቀን ውስጥ። ሳጥን 4ሲ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው ያንተ ቁጥር። በ500 ወይም ከዚያ በታች ከተሸጠ ግን እስከ 500 ድረስ መቀነስ ትችላለህ፣ መኪናው ያን ያህል የሚያወጣ ከሆነ።

እንበል መኪናህ ጨረታ ላይ 1,800 ዶላር አወጣች። የታክስ እርከንህ 22 በመቶ ከሆነ የምታተርፈው 396 ዶላር ነው። እሱም አይተማይዝ ካደረግህ፣ ማለትም የሚቀነሱ ወጪዎችህን አንድ በአንድ ከዘረዘርክ ብቻ! በ2025 የባልና ሚስት ስታንዳርድ ዲደክሽን፣ ማለትም ሳይዘረዝሩ የሚቀነሰው፣ 31,500 ዶላር ነበር። የቤት ወለድህ፣ የስቴትና የንብረት ታክስህ፣ አሥራትህ ተደምሮ የዓመቱን ልክ ካላለፈ መኪናዋን በመስጠትህ የሚቀነስልህ ነገር የለም። ዜሮ። ይኼን ስነግራቸው ፊታቸው የሚለወጥ ሰዎች አሉ፤ እኔም ስሜታቸው ይገባኛል፣ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበርና።

ሙሉ የገበያ ዋጋው የሚቀነስልህ በሦስት መንገድ ነው። ድርጅቱ ራሱ መኪናውን በደንብ ከተጠቀመበት፣ ለምሳሌ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ለችግረኞች ምግብ ካደረሰበት። ወይም ዋጋውን የሚጨምር ከባድ ጥገና ካደረገለት፤ እጥበትና ቀለም አይቆጠርም። ወይም ለተቸገረ ሰው በነፃ ወይም ከገበያው በጣም ባነሰ ዋጋ ከሰጠው። በዚህ ጊዜ 1098-ሲው ላይ ሳጥን 5ኤ ወይም 5ቢ ምልክት ይደረግበታል። በዚህ መንገድ ከ5 ሺህ በላይ ልትቀንስ ካሰብክ ደግሞ የገማች ወረቀት ያስፈልጋል።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ የሚሠራ ቬሂክልስ ፎር ቼንጅ የሚባል ድርጅት አለ፤ የተሰጡትን መኪኖች ጠግኖ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ያስተላልፋል። እንደዚህ ያሉትን ጠይቅ። ግን ቀድመህ «የኔ መኪና ለቤተሰብ የሚሰጥ ዓይነት ነው ወይስ የሚሸጥ?» በላቸው፤ የጠገኗትን ሁሉ ለቤተሰብ አይሰጡም።

ስለ ደብርህ፣ ቤተ ክርስቲያን ብትሰጥም ይቀነስልሃል። አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ባለው የድርጅቶች መፈለጊያ ውስጥ ስሟን ብታጣ አትደንግጥ፤ ቤተ ክርስቲያኖች እዚያ የመመዝገብ ግዴታ የለባቸውም። ሌላ ድርጅት ከሆነ ግን እዚያ ፈልገህ ሳታገኘው መኪና አትስጥ። ደብሩም ቢሆን 1098-ሲ መሙላት አለበት። ብዙ ደብሮች ይኼን አያውቁትም፤ ደብዳቤ ብቻ ጽፈው ይሰጡሃል፣ ከ500 ዶላር በላይ ለሚቀነስ መኪና ተራ ደብዳቤ አይበቃም።

ዘ ፒያሳ፦

እኔ የምለው፣ ለምን ወደ አገር ቤት አትልካትም? ገጠር ላለ ገዳም ወይም ክሊኒክ ሰባት ሰው የምትጭን መርሴዲስ ቀላል ነገር አይደለችም። እዚህ በ1,800 ዶላር ከምትሸጥ እዚያ ስንት ሰው ታገለግላለች።

ታክስ ሠሪዋ፦

ዘ ፒያሳ፣ ሐሳብህ ከልብ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሏል፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ2020 (በአገር ቤት አቆጣጠር 2012 ዓ.ም.) የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎባቸው ነበር። በዚያ ላይ አገር ቤት ላለ ድርጅት በቀጥታ የሰጡት ነገር እዚህ ከታክስ አይቀነስም።

መካኒክ ከአሌክሳንድሪያ፦

የታክሱን እህታችን ጨርሳዋለች። እኔ ስለ መኪናዋ ልናገር።

ይቺን መኪና በደንብ አውቃታለሁ። የኋላዋ ሞላ ብረት አይደለም፣ አየር የሚሞላ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ሌሊት አየሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ጠዋት ስታስነሳት የምትሰማው ዝዝዝ የሚል ድምፅ ኮምፕሬሰሩ ነው፤ የወጣውን ሊተካ እየታገለ ነው። ዝም ብለህ ከነዳሃት ኮምፕሬሰሩም ይቃጠላል፣ ያኔ ወጪው እጥፍ ይሆናል። ላስቲኮቹ ብቻ ከተቀየሩ ግን የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። የመርሴዲስ ወኪል ጋ የምትጠየቀውና የሰፈር ጋራዥ በሌላ ፋብሪካ ዕቃ የሚሠራልህ ዋጋ ሰማይና ምድር ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቅ።

የሞተሩን መብራት መለዋወጫ ሱቅ ሄደህ ኮዱን አስነብብ፤ ብዙዎቹ በነፃ ያነቡልሃል። የሆነች ሴንሰር ወይም ያልጠበቀ የነዳጅ ክዳን ሊሆን ይችላል። ሳይነበብ «የሞተር መብራት በርቷል» ብለህ የምታስረክባት መኪና ጨረታ ላይ የምትወርደው ገዢው የከፋውን ስለሚገምት ነው። ጠዋት ስትነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሰንሰለት መንኳኳት ካለ ግን ንገረኝ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ በዚያ ሞተር ላይ የሚታወቅ።

አሁን ወደ ልቤ ሐሳብ ልምጣ። ጋራዤ ድረስ የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ዘመድ ያወረሳቸውን ወይም በርካሽ ያገኙትን አሮጌ ቅንጡ መኪና ይዘው ይመጣሉ። ቢኤም፣ አውዲ፣ መርሴዲስ። መኪናው በነፃ መጥቷል፣ ዕቃው ግን በነፃ አይመጣም። ፕሪሚየም ቤንዚን ነው የሚጠጣው። አንድ ነገር ሲበላሽ የወር ኪራይ ያህል ይጠየቃሉ። አንዲት እናት ሁለት ሕፃን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የጻፍኩላትን ዋጋ ስታነብ ያየኋት መቼም አይጠፋብኝም፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «አሰብ አደርጋለሁ» ብላ ወጣች። አልተመለሰችም። ስለዚህ ወንድሜ፣ መኪናህን ለችግረኛ ለመስጠት ስታስብ ችግረኛው ሊይዛት ይችላል ወይ የሚለውንም አስብ። ደህና የተያዘ ኮሮላ ለተቸገረ ሰው ከመርሴዲስ ይሻለዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ የያዝከው መኪና ወዳጅ አለው። አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ወደ ኤስዩቪ ሄዶ ዋገን የሚሸጥ ኩባንያ እየጠፋ ነው። ያቺን ወደ ኋላ የምታይ ወንበር የሚፈልግ ሰው ከሌላ ስቴት ነድቶ ይመጣል። ጨረታ ላይ ማንም ይኼን አይቆጥርልህም፣ እዚያ አሮጌ መኪና ናት። ኋላዋን አሠርተህ ራስህ ብትሸጣት ከጨረታው ሦስት እጥፍ ብታገኝ አይገርመኝም። ከዚያ ገንዘቡን ለፈለግከው ስጥ።

ታክስ ሠሪዋ፦

መካኒካችን ያለው በታክስም ያዋጣል። ሸጠህ ገንዘቡን ብትሰጥ መሀል ላይ የሚቆርጥ የለም፣ የሰጠኸው በሙሉ ይደርሳል፣ አይተማይዝ ካደረግህም የምትቀንሰው የሰጠኸውን ነው፤ ከ2026 ጀምሮ ግን የዓመቱ ስጦታህ ተደምሮ ከገቢህ 0.5 በመቶ የሚያልፈውን ብቻ ነው። መኪናውን ከገዛህበት በታች ስለምትሸጠው የትርፍ ታክስ የለብህም። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ አይተማይዝ የማያደርግ ሰውም በገንዘብ ለሰጠው ስጦታ እስከ 1 ሺህ ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ከሠሩ እስከ 2 ሺህ ይቀነስለታል። መኪና ግን በዚህ ውስጥ አይገባም፣ በጥሬ፣ በቼክ ወይም በካርድ የተሰጠ ገንዘብ ብቻ ነው። 250 እና ከዚያ በላይ ከሰጠህ የድርጅቱን ደብዳቤ መያዝ አትርሳ፣ ባንክህ ላይ መታየቱ ብቻውን አይበቃም።

የተቃጠለ፦

እኔ የምጽፈው ሌላው እንዳይደርስበት ብዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌ ሚኒቫኔን በስልክ ያገኘሁት አንድ ድርጅት መጥቶ ወሰደው። የጎታቹ ሹፌር «እዚህ ጋ ፈርም፣ የቀረውን ቢሮ ይሞሉታል» አለኝ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ፈረምኩ፣ የተቀባዩ ቦታ ባዶ እንደሆነ። ዝናብ ነበር፣ ሥራም ይዞኝ ነበር፣ ታርጋውን አልፈታሁም። የጎትቶ መውሰጃውን ወረቀት እንኳ አላነበብኩትም።

ሁለት ወር ሳይሞላ የዋሻ ክፍያ ቢል መጣ። ቀጥሎ የፓርኪንግ ቅጣት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የካሜራ። መኪናው ባዶ በሆነው ታይትል እጅ ለእጅ ተላልፎ ማን ጋ እንዳለ ራሳቸውም አያውቁትም፤ በመዝገብ ግን የኔ ነው። ስደውል አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል። ከዚያ ለመውጣት ስንት ጊዜ ከሥራ ቀርቼ እንደተሰለፍኩ አልነግራችሁም። ለበጎ ብዬ ያደረግኩት ነገር መሆኑ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ስለዚህ ለማንም ስጥ፣ ለማንም ሽጥ፣ የተቀባዩን ስም፣ ቀኑንና ማይሉን በገዛ እጅህ ታይትሉ ላይ ጻፍ። ታይትሉ በአንተና በባለቤትህ ስም ከሆነ ሁለታችሁም ፈርሙ። በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ፊትና ጀርባውን። ታርጋውን ፍታ። ሜሪላንድ ውስጥ ታርጋው ያንተ ነው፣ ከመኪናው ጋር አይሄድም። ኤምቪኤ (የሜሪላንድ መኪና መዝጋቢ መሥሪያ ቤት) መልሰህ ደረሰኝ ከያዝክ በኋላ ነው ኢንሹራንሱን የምታቆመው። ቀድመህ ካቆምከው ኢንሹራንስ የሌለው መኪና እንደያዝክ ተቆጥሮ ቅጣት ይመጣብሃል። የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠውን ኢዚፓስ ከመስታወቱ ላይ አንሳ። ስልክህን ከመኪናው ላይ አጥፋ፣ ስምና ቁጥር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቀራል። መስታወቱ ወይም ጣሪያው ጋ የጋራዥህን በር የምትከፍት ቁልፍ ካለች እሷንም ደምስስ፤ ይኼን የሚያስታውስ ሰው የለም፣ የቤትህ ቁልፍ ማለት ናት።

የሌሊት ፈረቃ፦

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሳነብ አለቀስኩ። እኔ መኪና የሰጠሁ ሳይሆን የተቀበልኩ ነኝ።

በዲቪ ነው የመጣሁት፣ ከሁለት ልጆቼ ጋር። አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፣ ሌሊት። ማታ የምሄድበት አውቶቡስ ነበረ፤ ጠዋት ግን ከሥራ ስወጣ ቅዳሜና እሁድ አንዱ አውቶቡስ ሌላውን አያገኘውም። ልጆቹን የምታይልኝ ሴትዮ ራሷ ሥራ ስለምትገባ ካረፈድኩ ችግር ነው። ክረምት ላይ ያንን መንገድ በበረዶ ጫማዬ ውስጥ የዳቦ ላስቲክ አድርጌ ሄጃለሁ። ማንንም ላሳዝን ብዬ አይደለም፣ ያለ መኪና እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ እንዲታይ ነው።

ሶሻል ወርከሯ ናት ያመለከተችልኝ። የሰጡኝ አሮጌ ኮሮላ ነበረች፣ ተጠግና፣ ተመርምራ። የቀድሞ ባለቤቷን አላውቀውም፣ አልነገሩኝም። የኋላው ወንበር ላይ የሕፃን መቀመጫ ለዓመታት ተጭኖበት የሰረጎደ ምልክት ነበረው፤ የኔንም ልጅ መቀመጫ እዚያው ምልክት ላይ አስቀመጥኩት፣ ልክክ አለ። ወንበሮቹ መሀል እጄን ስከት የሕፃን ፀጉር መያዣ አገኘሁ፣ ቢራቢሮ ያለበት። አልጣልኩትም፣ እስከ ዛሬ የመኪናው ኪስ ውስጥ አለ። እና ያቺን ሰው፣ ማን እንደሆነች ሳላውቅ፣ በጸሎት አስባታለሁ።

ግን መካኒኩ ወንድማችን ያለው እውነት ነው። ያኔ መርሴዲስ ቢሰጡኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ፎቶም ተነሥቼ ለእናቴ እልክ ነበር። ኋላዋ የወረደ ዕለት ግን ምን አደርግ ነበር? በዚያን ጊዜ እጄ ላይ 60 ዶላር የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ኮሮላዋን ዘይት እየቀየርኩ እስካሁን እነዳታለሁ። እርስዎ ገንዘቡን እንደነሱ ላለ ድርጅት ቢሰጡ ለስንት ኮሮላ ፍሬንና ጎማ ይሆናል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዝም ያልኩት የነገራችሁኝን ነገር አንድ በአንድ እያደረግኩ ስለነበር ነው። በተለይ የሌሊት ፈረቃ እህቴ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የፀጉር መያዣዋ ጋ ስደርስ እሷም አላስቻላትም።

ለቤተሰብ መኪና ከሚሰጡት አንዱ ጋ ደወልኩና እንደተመከርኩት በቀጥታ ጠየቅኋቸው። ሰውየው አልዋሸኝም። «ይቺን ለቤተሰብ አንሰጥም፣ ጥገናዋ ይከብዳቸዋል፣ ሸጠን ገንዘቡን ለሌሎቹ መኪኖች ጥገና ነው የምናውለው» አለኝ። ለዚህ መልሱ አከበርኩት። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ሸጠን እንስጥ» ስላት ቅር ብሏት ነበር፤ ለሷ ስጦታው መኪናዋ ራሷ ነበረች። ያንቺን ጽሑፍ ከሰማች በኋላ ግን «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

ኮዱን አስነበብኩ፤ የነዳጅ ትነት መስመር ላይ ያለች ትንሽ ቫልቭ ናት። መካኒክ ወንድሜ፣ የሰንሰለት ድምፅ የለም፣ ሦስት ቀን ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። የኋላውን ላስቲክ የሰፈር ጋራዥ በተጠየቅኩት ዋጋ ከግማሽ በታች ጨረሱልኝ፣ ኮምፕሬሰሩ ገና ደህና ነው ብለውኛል። ያን ቀን ማታ አቁሜያት ጠዋት ስወጣ ቀጥ ብላ ቆማ አገኘኋት። ለትንሽ ጊዜ ልቤ መሸጡን ልተወው አለ፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

ማስታወቂያውን ስለጥፍ ያቺን የኋላ ወንበር ዘርግቼ አንድ ፎቶ አነሳሁ። በመጀመሪያው ቀን ከደወሉት አራት ሰዎች ሦስቱ የጠየቁኝ ስለ ወንበሯ ነው። የገዛት ከፔንሲልቬንያ ሦስት ልጆች ይዞ የመጣ ሰው ነው። የተሠራውን ከነደረሰኙ አሳየሁት፣ ያልተሠራውንም ነገርኩት፣ ጠዋት ጠዋት ትንበረከክ እንደነበርም ነገርኩት። ልጆቹ እኛ ስንነጋገር ሄደው ኋላ ተቀምጠዋል፣ አንደኛው ቀበቶውን አስሮ አልወርድም አለ። በ5,800 ዶላር ተስማማን። ለጥገና ያወጣሁትን እንኳ አልቀነስኩም፣ ባለቤቴ ሙሉው ይሄዳል ብላለችና። ቼኩን ዛሬ ለድርጅቱ ላክን፣ ደብዳቤውንም እጠብቃለሁ።

ታይትሉ ላይ ሁለታችንም ፈርመናል፣ የሰውየውን ስም በእጄ ጽፌያለሁ፣ ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ። ስልኬን ከመኪናዋ አጥፍቻለሁ፣ የጋራዡን በርም ደምስሻለሁ፣ የተቃጠለ ወንድሜ፣ እሷን እኔም አላስታውሳትም ነበር። ታርጋዎቹ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ኤምቪኤ እመልሳቸዋለሁ፣ ከዚያ ነው ኢንሹራንሱ ጋ የምደውለው።